ጫማችንን አውልቀን የተሳለምነው ብራና

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ነው። ክፉ ነገር አይቼ አላውቅም አልልም፤ እንዲህ ያለ አስጸያፊ ግን አልገጠመኝም።

እኔ አንድ ቦታ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሴቷ ልጄ ቤት እሰነብትና፣ ደግሞ ላንድማርክ ወንዱ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ። ላንድማርክ ስሆን ጎረቤቴ ማንያህልሻል ናት። ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ፣ ሐኪሞቹ ስለ መቁረጥ ማውራት ጀምረው ነበር።

አንድ ቅዳሜ እሷ ቤት ተሰብስበን ሳለን፣ ሱፍ የለበሰ፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ሰው መጣ። ከቦርሳው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። መዳፍ የማይሞላ ቡናማ የቆዳ ቁራጭ ነው፤ ላዩ ላይ ጥቋቁር ፊደል አለበት።

«እናቶቼ፣ ይህ የኦሪት ብራና ነው» አለን። «አይሁድ ሙት ባሕር አጠገብ፣ ዋሻ ውስጥ በእንስራ ደብቀውት ሁለት ሺህ ዘመን የኖረ። አርኪዮሎጂስቶች ናቸው ቆፍረው ያወጡት። ጽሕፈቱ ዕብራይስጥ ነው።»

ከእኛ ውስጥ ዕብራይስጥ የሚያውቅ ማን አለ? ኦሪት ከተባለ በቃ። ጫማችንን በር ላይ አወለቅን፣ ነጠላችንን አጣፋን፣ በየተራ ተሳለምን። ግንባሬንም ከንፈሬንም አስነካሁ። ከዚያ «ለደዌ ሁሉ ፈውስ ነው» ብሎ ውሃ ውስጥ ነክሮ አጠጣን። ውሃው ሸተተኝ። ኦሪትን ደግሞ ሸተተኝ ይባላል? ዋጥኩት።

ስለት ተቀብሎ፣ እግሯን እንዲያድንላት ብራናውን ለማንያህልሻል ለሳምንት ትቶላት ሄደ። «መርፌና ቅዱስ ነገር አብረው አይሄዱም» ብሏት ኖሮ ኢንሱሊኗን ተወች። እኔ አላወቅሁም፤ በማግስቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄጄ ነበር።

ስመለስ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ውሃ ውሃ ስትል አገኘኋት።

«ማንያህል፣ በእመቤቴ ይሁንብሽ፣ ተወጊ።»

«አንቺ ድሮም እምነትሽ ቀጭን ነው። ይልቅ ከዚያ ውሃ ቅጂልኝ።»

ልቀዳላት ሄድኩ። ቁራጩ እዚያው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከርሞ ቀለሙ ለቋል፤ ፊደል የሚባል የለም። አውጥቼ ወደ መስኮቱ ሳዞረው ከቀለሙ ሥር ቁጥር ታትሞበታል። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ቁጥር ግን አያመልጠኝም፣ አውቶቡስ የምሳፈረውም በቁጥሩ ነው። ዐርባ ሁለት ይላል። ሟቹ ባለቤቴ የሚያደርገው ጫማ ቁጥር! ገበያ ስገዛለት ውስጡን ገልጬ የማየው እሱኑ ነበር።

ሮጬ የዕቃ ማጠቢያው ላይ አስመለስኩ። ጫማችንን አውልቀን የተሳለምነው ጫማ ነው። የጠጣነው ማንነቱ እንኳ የማይታወቅ ሰው የእግር ላብ ነው።

ተመልሼ ቁጥሩን ወደ ላይ አድርጌ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ጠርዙን በጣቷ ዳበሰችው፤ የስፌቱ ቀዳዳ ተሰልፏል።

«የወንድ ነው» አለች በመጨረሻ። ቆይታ ደግሞ፣ «መርፌዬን ከፍሪጅ አምጪልኝ።»

መርፌው ብቻውን አልበቃትም፤ አምቡላንስ ጠራንላት።

ቅዳሜ ሰውየው «ብራናውን» ሊወስድ መጣ። እሷ ሆስፒታል ናት፤ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ቁጥሩን አሳየሁት።

«እማማ፣ እሱን እኮ አርኪዮሎጂስቶቹ ናቸው ያተሙበት። ያገኙትን ሁሉ ቁጥር ይሰጡታል» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

«ታዲያ ልጄ፣ የቀኝ ነው የግራ?»

ከእጄ መንጭቆ በዚያው በነጭ ጨርቅ ጠቀለለው። እንደ ሕፃን አቅፎት ሊፍቱ ውስጥ ገባ። ሄዶ ለሌላ እናት እንደሚፈታው አውቃለሁ።

ማንያህልሻል ሰንብታ፣ እግሯም ሳይቆረጥ ወጣች፤ ተመስገን። የልጄ ልጅ ስትነግረኝ፣ በእውነትም በዋሻ የተገኘ የኦሪት ብራና አለ አሉ። ብጥስጣሹን በወረንጦ እየለቀሙ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንዲት መስመር ለማንበብ የሚደክሙ ሰዎች አሉ። ይህን ስሰማ ባሰብኝ። ነገሩ ጨርሶ ተረት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሰውየው ግን ጫማውን ያሳረፈው በእውነተኛው ብራና ላይ ነው።

ማንያህልሻል ይቅር ብዬዋለሁ ትላለች። እኔ አልቻልኩም። ቤተ ክርስቲያን ቄሱ መስቀል ሲዘረጉልኝ አፍንጫዬ ይቀድማል። ዕድሜዬን ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ የተሳለምኩትን፣ ዛሬ አሽትቼ ነው የምሳለመው።