ጋሼ የቆሙበት ግብ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ቢኖር ስሜንና አድራሻዬን ነው፣ ያውም ቅጽ ላይ። ቢሆንም ስለ ታላቁ የስፖርት ሕይወቴ የሚጽፍልኝ ሰው ስላልተገኘ ራሴው ጀመርኩ።

ስፖርቱ ኸርሊንግ ይባላል፤ የአየርላንዶች ነው። የእኛን የገና ጨዋታ አስቡ፤ ዱላ አለ፣ ሩጫ አለ፣ ጩኸት አለ። ኳሳቸው ግን መሬት ላይ መንከባለል አትወድም። ድንጋይ የመሰለች፣ በቆዳ የተሰፋች ናት፤ በሰው ፊት ልክ እየበረረች ትመጣለች። በረኛዋ ይህችን ኳስ በዱላዋ፣ በእጇ፣ ካልሆነላትም በሆዷ ታቆማለች። ክብር ያለው ሥራ ነው።

እኔ እዚህ ክብር ላይ የደረስኩት በመጥረጊያ ነው። ስዊድን ውስጥ፣ ስፖንጋ በሚባል ሰፈር አንድ የስፖርት አዳራሽ አጸዳለሁ። በረዶ ሲጥል እዚህ የሚኖሩ አየርላንዶች ሊለማመዱ ከሜዳ ወደ አዳራሹ ይገባሉ። አንድ ቀን ዒላማዋን የሳተች ኳስ ወደ እኔ ስትመጣ በውሃ ባልዲዬ መለስኳት። ባልዲው ተሰነጠቀ፤ አሰልጣኛቸው አጨበጨበች። በረኛቸው ሀገሩ ገብቶ ኖሮ «ነይ ቁሚልን» አለችኝ። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልም። በሕንፃችን የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የያዝኩትን ሰዓት ጎረቤት ሲወስድብኝ፣ እኔው ይቅርታ ጠይቄ ያልታጠበ ልብሴን ይዤ የምመለስ ነኝ። ተሰጥኦዬ ይኸው ነው፤ እምቢ ስላላልኩ በረኛ ሆንኩ።

ዩልስታ የሚባል ሰፈር አብሬያት የምኖረው አክስቴ ዱላዬን ስታይ አማተበች ልል ነበር፤ ጴንጤ ናትና አላማተበችም።

«ለዱላ ነው እንዴ ስዊድን የመጣሽው? ዱላውማ እዚያም ነበር» አለች።

«ጨዋታ ነው፣ እትዬ።»

«ቸርች ውስጥ ተነሺና መስክሪ ስትባዪ ጫማሽን የምታዪ ልጅ፣ አሁን ሰው ፊት ልትቆሚ?»

አልገባትም እንጂ ለእኔ ከዚያ የሚሻል ቦታ አልነበረም። በረኛ ከፊት በኩል የብረት ፍርግርግ ያለው የራስ ቁር ታደርጋለች፤ ማፈሯን ማንም አያይባትም። ደግሞም ቅዳሜ ብቀር «የት ገባች?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አገኘሁ። አልዋሽም፣ ቦታውን ወደድኩት።

ችግሩ ጋሼ ነበሩ።

ጋሼ ስድሳን ያለፉ አየርላንዳዊ አናጢ ናቸው። ሰው ስለማይሞላ ወንድ ሴት፣ ወጣት ሽማግሌ ሳንል ነው የምንጫወተው። ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ሩጫ ትተው ከፊቴ ተከላካይ ሆነዋል። መቆም ብቻ አይደለም፣ ይተከላሉ። ትከሻቸው የቁም ሳጥን ያህላል። ኳስ መምጣቷን የማውቀው ስትመታኝ ነበር።

በረኛ ተከላካዮቿን ማዘዝ አለባት፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ዞር በል እያለች። ማንን ነው የማዝዘው? አባቴ የሚሆኑ ሰው! ሲመጡ ከወንበር እነሳላቸዋለሁ፣ ዱላቸውን እሸከምላቸዋለሁ፣ ቃል ግን አይወጣኝም። እኔ ጋሼ ስላቸው ቡድኑ በሙሉ ጋሼ ማለት ጀመረ። ጨዋነት የተጋባባቸው እንዳይመስላችሁ። «ጋሼ፣ አንተ ሬሳ፣ ተነቃነቅ እንጂ!» ነው የሚሏቸው። እሳቸውም «አንተ ቀብሬ ላይ እንኳ አፈሩን ወርውር ብትባል ጉድጓዱን ትስታለህ!» ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ ተቃቅፈው ቢራ ሊጠጡ ይሄዳሉ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ኳስ በጋሼ ጎን አልፋ ስትገባ አሰልጣኟ ሮጣ መጣች።

«ኳሷ እንዳልታየችሽ ታውቆሻል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ዞር በል አላልሽውም?»

«ቆመው ነበራ።»

«አዲሷን ተጫዋች፣ ነርሷን ታውቂያታለሽ? ስፖንጋ ስትናገር ጎረቤት ሰፈር፣ ሪንከቢ ድረስ ይሰማል። ቅዳሜ ግጥሚያ አለን። እዚያም ዝም ካልሽ ግቡን ለእሷ እሰጣለሁ።»

ያን ሳምንት አዳራሹን እየጠረግሁ ተለማመድኩ። «ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎት ትንሽ ዞር ቢሉልኝ?» እላለሁ ለመጥረጊያው። መጥረጊያው ታዛዥ ነበር። ንግግሬን እስክጨርስ ግን ሦስት ኳስ እንደሚገባ ተሰማኝ።

ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ነርሷ ማንም ሳይጠራት መስመሩ ዳር ቆማ ጓንቷን ታጠልቃለች። ጋሼ ከፊቴ ተተክለዋል። ከተጋጣሚዎቻችን አንዷ፣ እግረ ረጅም ልጅ፣ ኳሷን ዱላዋ ጫፍ ላይ አስቀምጣ እየሮጠች መጣች፤ ከዚያም ጋሼ ጋረዷትና ተሰወረችብኝ። አፌን ከፈትኩ። ሳምንት ሙሉ ያጠናሁት ትሕትና የት እንደገባ አላውቅም።

«አንተ ግንድ! ዞር በል!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ።

ጋሼ አማርኛ አያውቁም፤ ግን ተኩስ እንደሰማ ሰው መሬት ላይ ተዘረጉ። ኳሷ ታየችኝ። በዱላዬ መለስኳት ብል ደስ ባለኝ፤ በክንዴ ነው፣ ሁለት ሳምንት አብጦ ከረመ።

ጨዋታውን በሰፊው ተሸነፍን፤ ታሪክ ሠራች እንዳትሉ። ያም ሆኖ አሰልጣኟ ነርሷን ተከላካይ አደረገቻት፣ ግቡ የእኔ ሆነ። ለመደሰት ግን ጊዜ አልነበረኝም። አንድ ሽማግሌ ጭቃ ላይ አስተኝቻለሁ። አንገቴን ደፍቼ ወደ መኪናቸው ሄድኩና በስዊድንኛ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

«ምን ነበር ያልሽኝ?» አሉ።

«ግንድ» አልኩ። «የዛፍ።»

ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። በሳምንቱ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ሀገራቸው ገቡና እዚያው ቀሩ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። የመኪናውን በር ከመዝጋታቸው በፊት ያሉኝ ይህን ነው፦

«ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሳትሰድቢኝ ስትቀሪ፣ ይቺ ልጅ ጠልታኛለች ብዬ ለሚስቴ ነግሬያት ነበር።»