ፌስታል ላይ የሰፋች ነጥብ

«አንድ ስም ይጻፉላቸውና ይውጡ እንጂ፣ መምህር። ነገ ልጅዎን ይድራሉ።»

አብሮን የታሰረው የሲሚንቶ ነጋዴ ይህን ሲል ሦስተኛ ጊዜው ነበር። መምህሩ፣ ፊዚክስ የሚያስተምሩ በሃምሳዎቹ ያሉ ሰው፣ መርማሪው የሰጣቸውን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደገና አነበቡት። ከመያዛቸው በፊት አንድ የማያውቁት ሰው ሁለቴ ደውሎላቸው ነበር። ወረቀቱ ላይ «የደወለው ማን ነው?» ከሚለው ቀጥሎ ባዶ መስመር አለ። እሱን ሞልተው ከፈረሙ አሥር ሰዓት ላይ እንደሚለቃቸው መርማሪው ነግሯቸዋል።

«ማን እንደሆነ አላውቅማ።»

«እኔስ መች አውቃለሁ? የሞተ ሰው ስም ይጻፉ።»

ክፍላችን ከሲኤምሲ ወደ የካ አባዶ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ያላለቀ ሕንፃ ምድር ቤት ነበር። ግድግዳው አልደረቀም። እኔ የገባሁት ቴሌግራም ላይ በለጠፍኩት ግጥም ነው። ምሳ በጋራ ከተበላ በኋላ አንድ ሰው የሚያውቀውን ያስተምራል፤ የክፍሉ ደንብ ነው። ያን ቀን ተራው የመምህሩ ነበር።

እንጀራ የመጣበትን ስስ ፌስታል አነሱ። በጣታቸው ጫፍ የሽሮ ነጥብ አሳረፉበትና ቀስ አድርገው ለጠጡት። ነጥቧ ሰፋች።

«ዓለም ገና ሲጀምር እንዲህ ተለጠጠ። ጋላክሲዎች የተሰበሰቡት እንዲህ ያለች ኢምንት መዛባት ሰፍታ ነው። በጊዜ ወደ ኋላ ስንከተላት ግን በጣም ታንሳለች፤ የምናውቀው ሕግ እዚያ አይሠራም። እዚያ የነበረው፣ ምንም ይሁን ምን፣ ሰማዩ ላይ አሻራ ትቶ ይሆናል።»

«እዚያማ ያለው እግዚአብሔር ነው» አለ ነጋዴው።

«ይሆናል። እኔ ስገምት ገመትኩ እላለሁ። አየሁ ብዬ አልፈርምም።»

ነጋዴው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታዲያ ልጅቷ የማንን ጉልበት ትሳም?»

መምህሩ ፌስታሉን አጠፉት፣ ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት።

በኋላ እንደሰማሁት ሙሽራዋ የአጎቷን ጉልበት ስማ ወጣች። እኔ አሁን ለሚ ኩራ ተከራይቼ እኖራለሁ። ግጥም ስጽፍ የማላውቀው ነገር ላይ ስደርስ፣ ቤት የሚመታ ቃል አይጠፋኝም። ብዙ ጊዜ እጽፈዋለሁ። ከዚያ እሰርዘዋለሁ።

ያን ቀን አሥር ሰዓት ላይ ጠባቂው መምህሩን ጠራቸው። መምህሩ እስክሪብቶ ለምነው፣ ባዶው መስመር ላይ በሰሌዳ ጽሕፈታቸው «አላውቅም» ብለው ጻፉና ፈረሙ። የጃኬታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ። ነጋዴው ተነስቶ ጫማቸውን እግራቸው ሥር አስተካክሎ አኖረላቸው።

ወረቀቱን ይዘው ወጡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።