ጋሼ ጄሶ ለባለክራንቻዋ ልጅ የሠሩት ጥርስ

ወሩ በገባ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነበር፤ ማክሰኞ። ደራሲዋ ይህን ታሪክ በጀመረች ቁጥር እዚህ ላይ ትደናቀፋለች። «ማክሰኞ ነበር እንዴ?» ትላለች ጮክ ብላ። «ሰኞ ዕለት ስቱዲዮው መብራት ጠፍቶበት ነበር። እንደዚያ ከሆነ አሥራ ስምንት ነው የሚሆነው። ወይስ መብራት የጠፋው በሌላው ሳምንት ነው?» ጣቷን እያጠፈች ትቆጥርና ትተወዋለች። ቀኖቹ ክሩ እንደተበጠሰ ዶቃ ተበትነውባታል። ሰዓቱ ግን አልጠፋባትም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሼ ጄሶ አንድ የጫማ ካርቶን በሁለት እጃቸው አቅፈው የስቱዲዮውን ደረጃ ወጡ።

ጋሼ ጄሶ ሐኪም አይደሉም። ሰው «ዶክተር» ሲላቸው ወዲያው ያርማሉ። «ዶክተሩ ፊት ለፊት ያለው ነው። እኔ የጓዳው ነኝ።» እውነትም የጓዳ ሰው ናቸው። ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ኋላ፣ አንድ መስኮት ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠሩ ሠላሳ አራት ዓመታቸው ነው። ሐኪሙ የበሽተኛውን አፍ ልክ ይወስዳል፤ እሳቸው በልኩ ላይ ጄሶ ያፈሱበታል፣ ሰም ያቀልጡበታል፣ ጥርሱን አንድ በአንድ ይደረድሩበታል፣ ከዚያ ይሞርዱታል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በመደርደሪያ ተሸፍኖ በየመደርደሪያው ላይ የጄሶ መንጋጋ ተደርድሯል። ቅንድባቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው። «ዱሮ ጄሶ ነበር። አሁን ጄሶው ይሁን ሽበቱ እኔም መለየት ትቻለሁ» ይላሉ። ስለ ሙያቸው ሲጠየቁ ደግሞ፣ «ሌላው ጥርሱን የነቀለበት ሥራ አለው፤ እኔ የተከልኩበት» ብለው ያልፉታል። ባለቤታቸውም አታንስም። «የከተማው ሰው ባሌ በሠራው ጥርስ ይበላል፤ እኔ ብቻ ነኝ በራሴ የቀረሁት» ትላለች አሉ።

እኚህን ሰው ስቱዲዮ ያመጣቸው ችግር እንዲህ ነው። ደራሲዋ ለቴሌቪዥን የምትጽፈው ተከታታይ ድራማ ስለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ከሰው የተለየ ነገር አለባቸው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስትሆን፣ አጠገቧ ሰው ሲዋሽ ክራንቻዋ እንደ አውሬ ይረዝማል። ስድስት ክፍሎች ተላልፈው በተመልካች ተወድደዋል። በነዚያ ስድስት ክፍሎች ክራንቻው ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ይጠፋል እንጂ ልጅቷ ክራንቻ አውጥታ አትናገርም፤ ስለዚህ ከሱቅ የተገዛው የፕላስቲክ ጥርስ በቂ ነበር። በሰባተኛው ክፍል ግን እናቷ ልትጠይቃት ትመጣለች። ከሥራ ተባርራ፣ ቤቱም ሊለቀቅ ሆኖ፣ የመመገቢያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ «ደህና ነኝ፤ ምንም አልጎደለብኝም» ትላታለች። ክራንቻው ይወጣል። ልጅቷ ትነሳና አንድ ገጽ ተኩል ትናገራለች።

በልምምዱ ቀን ልጅቷን የምትጫወተው ተዋናይ የፕላስቲኩን ጥርስ አጥልቃ አፏን ከፈተች፤ ጠጠር የጎረሰች ይመስል አንድ ቃል እንኳ አልጠራ አለ። መብራት የያዘው ሳይቀር ሳቀ። ተዋናይቷ በሰውነቷ ሚጢጢ ስለሆነች ድንቢጥ ነው የሚሏት። ለዚህ ቦታ ስድስት መቶ ልጆች ሲፈተኑ የተመረጠችው በድምፅዋ ነበር፤ ደራሲዋ ዓይኗን ጨፍና አዳምጣ ነው «ይቺ» ያለችው። አዘጋጁ ግን ሳቁ ሳይበርድ ፍርዱን ሰጠ።

«ከሦስት ቀን በኋላ እንቀርጻለን። ያን ቀን ካልጠራ ድምፅዋን በሌላ ሰው እንተካለን። ከተተካ ደግሞ እስከ መጨረሻው ክፍል በዚያው ይቀጥላል፤ በየሳምንቱ ድምፅ መቀየር አይቻልም።»

«ፊቴን ብቻ ከፈለጋችሁ ፎቶዬን ለጥፉ» አለችና ድንቢጥ ወደ መልበሻ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ደራሲዋም በዚያው ወጥታ ክሊኒክ ለክሊኒክ ስትጠይቅ የጓዳውን ሰው አገኘች።

ጋሼ ጄሶ ካርቶናቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ሁሉም ጥርስ ይለካል ብሎ ሲጠብቅ፣ «መጀመሪያ ልጅቷን ንገሩኝ» አሉ።

«ይኸው ድንቢጥ ናት ጋሼ» አለ አዘጋጁ።

«እሷንማ አያታለሁ። የጽሑፉን ልጅ ነው ያልኩት።»

«ጋሼ፣ ጥርስ እንጂ ሂስ አላዘዝንም እኮ።»

«ልጄ፣ ለማን እንደምሠራ ሳላውቅ ሠርቼ አላውቅም። የአስተማሪ ጥርስና የሹፌር ጥርስ አንድ አይደለም። አስተማሪው ሲናገር ቢያፏጭ ተማሪው ይስቅበታል። ሹፌር ቢያፏጭ ማን ምን ይለዋል?» ካሉ በኋላ እጃቸውን ዘረጉ። «ጽሑፉን ስጡኝ። ስድስቱን አይቻቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሪሞቱን ስለምትቀማኝ ምርጫ የለኝም።»

ከገመድ መጠቅለያው አጠገብ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ እርሳስ ይዘው አንድ ሰዓት ሙሉ አነበቡ። አናጢዎቹ የመመገቢያ ክፍሉን ግድግዳ እየመቱ ነበር፤ ቀናም አላሉ። ሲጨርሱ ወረቀቱ ላይ ጣታቸው ባረፈበት ሁሉ ነጭ አሻራ ቀርቶ ነበር።

«ይቺ ልጅ እዚህ ጋ አልተቆጣችም» አሉ።

አዘጋጁ ሳቀ። «ክራንቻዋን አውጥታ እየጮኸች?»

«አላወጣችውም፤ ወጣባት እንጂ። አንተ ግንባርህ ላይ ብጉር ሲወጣ፣ አንተ ነህ ያወጣኸው?»

አናጢዎቹ መዶሻቸውን አቁመው አሽካኩ። አዘጋጁ ሳያስበው እጁን ወደ ግንባሩ ላከ።

«ይኸው!» አሉ ጋሼ ጄሶ። «ሸፈንካት። ልጅቷም ይህንኑ ነው የምታደርገው።»

«ከማን ነው የምትሸፍነው?» አለች ደራሲዋ። ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ኩርፊያ ነበረበት። ትያትር ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረች፣ ከዚያም ለዓመታት ያስተማረች ናት፤ ይህችን ገጸ ባሕርይ ሰባት ወር ሙሉ አብራት ስትተኛ አብራት ስትነሳ ኖራለች።

«ከእናቷ ነዋ። ይመልከቱ» ብለው ወረቀቱን ወደ እሷ አዞሩት። «ክራንቻው የሚወጣው ሰው ሲዋሽ ነው አይደል? እናትየው ይህን ታውቃለች፤ በሁለተኛው ክፍል ልጅቷ ራሷ ነግራታለች። እንግዲህ ክራንቻው ከታየ እናትየው ውሸቷ እንደተነቃባት ታውቃለች፤ ያቺ ምስኪን ደህና ነኝ ለማለት ያን ሁሉ መንገድ መጥታ። ስለዚህ ልጅቷ የምትደብቀው የራሷን ጥርስ አይደለም። የእናቷን ውሸት ነው። እንዲያ ሲሆን ተነስታ ትጮሃለች? አትጮህም። እንደተዋሸች እንዳይታወቅ ትጥራለች። አምናሻለሁ ለማለት ማለት ነው።»

ደራሲዋ ወረቀቱን አየች። ራሷ የጻፈችው ነው፤ ይህ ሁሉ እዚያው ውስጥ ነበር፤ እሷ ግን በላዩ ላይ አልፋ ሄዳለች።

«ሌላው» ቀጠሉ ጋሼ ጄሶ፣ «ንግግሩ በዝቷል።»

«ንግግሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ ጋሼ።»

«አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው ለእርስዎ የምነግርዎት። በኔ ጓዳ በኩል ጥርሱን የሚደብቅ ሰው በሽ ነው። ሐኪሙ ገጣጥሞ ሲጨርስና አልመች ሲል ይጠራኛል፤ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሲያወሩ እሰማለሁ። እንደዚህ ያለ ሰው ረጅም ነገር አያወራም። አንድ ሁለት ቃል ይልና ወደ መስኮት ያያል።»

«ገጹ ይቆያል» አለ አዘጋጁ፤ አሁን ግን አልሳቀም። «ተመልካቹ ያን ንግግር እየጠበቀ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ንግግሩ የሚጠራበትን ጥርስ ብቻ ይሥሩልኝ።»

«ለገጹም እሠራዋለሁ» አሉ ጋሼ ጄሶ፣ ገበያ ሄዶ ሽንኩርት እንዲገዛ የታዘዘ ሰው ያህል እንኳ ሳይጨነቁ። ከዚያም ወደ ድንቢጥ ዞሩ። «ነይ እስቲ። አፍሽን ክፈቺ፣ በአፍንጫሽ ተንፍሺ። ካቅለሸለሸሽ የእግርሽን ጣቶች አንቀሳቅሺ፤ ሆድሽ ይዘነጋዋል።»

በማግሥቱ ደራሲዋና ድንቢጥ ወደ ጓዳው ሄዱ። ክፍሉ የቀለጠ ሰም ይሸታል፤ የመሞረጃዋ ሞተር እንደ ንብ ትጮሃለች። ጋሼ ጄሶ ሁለቱን ክራንቻዎች በመዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አሳዩአቸው። ከሱቁ ጥርስ ያጥራሉ፤ ቀለማቸውም ከድንቢጥ ጥርስ ቀለም አይለይም፤ ጫፋቸው ብቻ ቀስ ብሎ ይሾላል።

«እንዴ፣ ያስፈራሉ እንዴ እነዚህ?» አለች ድንቢጥ።

«ያስፈራሉ። ትልቅ ጥርስ ሕፃን ነው የሚያስፈራው። አዋቂ የሚፈራው የሰው ጥርስ መስሎ የሰው ያልሆነውን ነው። አሁን አጥልቂያቸውና ከስልሳ እስከ ሰባ ቁጠሪልኝ።»

«ለምን ከስልሳ?»

«‹ስ› ስለሚበዛበት። አያቶችሽን ሁሉ የምፈትነው በሱ ነው። ቁጠሪ።»

ድንቢጥ ጀመረች። ስልሳ አንድ ላይ እንደ ፈላ ማንቆርቆሪያ አፏጨች። ደራሲዋ ሰዓቷን አየች። ጋሼ ጄሶ ግን ጥርሱን ተቀብለው መብራት ላይ አዩት። «ምላስሽን ያሰረው ርዝመቱ አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውፍረቱ ነው። ምላስ ጓዳው ሲጠበው ነው የሚያጉረመርመው።» የጥርሱን ጀርባ ሞርደው መለሱላት። ሁለተኛው ሙከራ ስልሳ ስድስት ላይ ተሰናከለ፤ ሦስቱም ሳቁ። እንደገና ሞረዱ። ጀርባው የጣት ጥፍር ያህል እስኪሳሳ ድረስ፣ ከመሞረጃዋ እያስነኩ እያዩ፣ እያስነኩ እያዩ።

በአራተኛው ድንቢጥ ከስልሳ ተነስታ ስልሳ ስድስትን አለፈች፤ ሰባ ገባች፤ አላቆመችም። ሰማንያ። ዘጠና። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ድምፁ ግን ያው የራሷ ድምፅ ነበር፤ ደራሲዋ ዓይኗን ጨፍና የመረጠችው።

«በቃሽ» አሉ ጋሼ ጄሶ መቶ ስትደርስ። «የኔን ዕድሜ ልታልፊው ነው።»

የቀረጻው ዕለት ጋሼ ጄሶ ሳይጠሩ መጡ፤ ጥርሱ ቢላቀቅ ብለው። ከካሜራው ኋላ ቆሙ። መጀመሪያ ሙሉው ገጽ ተቀረጸ። ድንቢጥ ተነስታ አንድ ገጽ ተኩሉን በክራንቻዋ መካከል አወረደችው፤ አንድም ፊደል አልወደቀባትም። አዘጋጁ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ፣ «ድምፁ የሷ ነው፤ ማንም አይነካውም» አለ። መልበሻ ክፍል ድረስ ጭብጨባ ተሰማ።

ደራሲዋ በዚያን ጊዜ ወደ አዘጋጁ ቀረበች። «አንድ ጊዜ ድገምልኝ። በአጭሩ። ክራንቻው እንደወጣ፣ ከገጹ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ፤ ሳትነሳ።»

አየት አደረጋት። ግንባሩን ሊያክ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። «እሺ። አንዴ ብቻ።» ደራሲዋ ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች አስምራ ለድንቢጥ አሳየቻት።

እናቲቱን የምትጫወተው ሴት «ደህና ነኝ፤ ምንም አልጎደለብኝም» አለች። ድንቢጥ አልተነሳችም። ከፊቷ የነበረውን የውሃ ብርጭቆ አነሳችና አፏ ላይ አደረገችው፤ ውስጡ ውሃ አልነበረም፤ አያያዟ ግን እየጠጣች ነው ያሰኛል። ከብርጭቆው ጀርባ ሆና፣ «እሺ» አለች። «ጥሩ ነው። ቤቱንም ሰላም በይልኝ።» እናቲቱ ቀጥሎ የምትናገረው ነበራት፤ ረሳችው። የልጅቷን ብርጭቆ አየች። ካሜራው መቅረጹን ቀጠለ፤ አዘጋጁም «ቁረጥ» ማለቱን ረሳ።

«ይኼኛው» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «ይኼኛው ነው የሚሄደው።»

ደራሲዋ ድንቢጥን ጠረጴዛው ላይ አገኘቻት። ልጅቷ ክራንቻዎቹን አውልቃ በጨርቅ እየጠረገች ነበር።

«ብርጭቆውን ማን ነገረሽ? ጽሑፉ ላይ የለም።»

«ጋሼ ጄሶ ናቸው እትዬ። ትናንት ሲሞርዱ። ‹በእጅሽ እንዳትሸፍኚ፤ እጅ ያሳብቃል። ብርጭቆ ግን ሁልጊዜ ሰበብ አለው። ባዶም ቢሆን አፍሽ ላይ አቆዪው› አሉኝ።»

ደራሲዋ ወደ ካሜራው ኋላ ዞረች። ቦታው ባዶ ነበር። አንዱ አናጢ በጣቱ ወደ ደረጃው ጠቆማት። «ክሊኒክ በሽተኛ እየጠበቃቸው ነው፤ ይቅርታ ብላችሁ ንገሩልኝ ብለዋል።»

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች፤ ለዕድሜዋ አይመከርም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባዶ ብርጭቆ አፍ ላይ ይዞ መቆየትን ሰው ከሥራ አይማረውም፤ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሆነ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ አይቶት ነው፣ ወይም ራሱ አድርጎት። የማን ነበር?

ጋሼ ጄሶ ከመንገዱ ማዶ ካርቶናቸውን አቅፈው አውቶቡሱ ላይ እየወጡ ነበር። «ጋሼ!» ብላ ተጣራች። መኪና አለፈ፤ ሌላም አለፈ። በመስኮቱ በኩል አዩዋትና ስንብት መስሏቸው እጃቸውን አነሱላት፤ ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ ፈገግ አሉ። አውቶቡሱም ተነሳ።