የልብስ ሰፊው ምራቅ

ልብስ ሰፊው ጋሽ መቀስ ክሩን ከንፈራቸው መሐል ሳብ አድርገው ሲያወጡት ጫፉ እንደ ደረቀ ነበር። ደገሙት። ጫፉ እየተተረተረ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ አልገባ አለ። ዓይኔ ነው ብለው መነጽራቸውን ወለወሉ፤ ጥፋቱ ግን የዓይን አልነበረም። አፋቸው ኩበት ሆኗል።

መቀስ ያሏቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። ሰው ወሬ ሲጀምር «ለምን?» እያሉ ጨዋታ ስለሚቆርጡ ነው። በወጣትነታቸው የተበላሸ የስፌት መኪና ካገኙ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈትተው ሳያዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር።

ለካ ነገሩ ሰንብቷል። ዳቦ ያለ ውሃ አልወርድ ካላቸው ቆይቷል። ሲያወሩ ምላሳቸው ላንቃቸው ላይ እየተጣበቀ ቃል ይጎተትባቸዋል። ለዚያ ብለው ኪሳቸውን በከረሜላ ሞልተው ሲመጥጡ ይውላሉ።

ባለቤታቸው ሲሰሙ ሳቁ። «ምራቁን የዋጠ ሰው ነው ብለው ዳሩኝ፤ ይኸው ውጠህ ጨረስከው።» ቀጥለው ግን ፊታቸው ጠቆር አለ። «ስኳር እንዳይሆን ሂድና ተመርመር።»

ተመረመሩ፤ ስኳር የለባቸውም። የጎረቤቱ ሁሉ መልስ «እርጅና ነው» ሆነ። ይህ አልተዋጠላቸውም። ባለቤታቸውም አርጅተዋል፤ ዳቦውን ግን ያለ ውሃ እያላመጡ ነው።

በዚህ መሐል ጥርሳቸውን አመማቸውና ወደ ጥርስ ሐኪም ሄዱ። ሐኪሟ ወጣት ናት። በመብራት ስታይ ቆየችና «አባባ፣ ጣፋጭ ይወዳሉ እንዴ?» አለቻቸው።

«አልወድም። አፌን እንዲያርስልኝ ከረሜላ እመጥጣለሁ።»

«እሱ ነው ጥርስዎን ከሥሩ እየበላው ያለው። ምራቅ ሲያንስ ስኳሩን የሚያጥበው የለም።»

«ቆይ ልጄ፣ ለመሆኑ ምራቅ ከየት ነው የሚመጣው?»

ሐኪሟ እጇን መለሰች። ይህን የጠየቃት በሽተኛ ኖሮ አያውቅም። የእጅ መስታወት አስያዘቻቸውና ጉንጫቸውን ከውስጥ ገለጥ አደረገችው። ከላይኛው መንጋጋ ትይዩ አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። ከዚያ ከጆሯቸው ፊት ጀምራ ጉንጫቸውን በጣቷ ወደ ፊት አሸት አሸት አደረገችው። ጠበቁ። ምንም የለም። እንደገና አሸችው፤ ከጉብታዋ ላይ ጥርት ያለች ጠብታ ብቅ አለች።

ጋሽ መቀስ ዓይናቸውን ከመስታወቱ አልነቀሉም። «እድሜዬን ሙሉ አብራኝ ስትኖር አላውቃትም» አሉ።

«እጢው ደህና ነው። የሚይዘው ነገር ሳይኖር አይቀርም። ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«የግፊት። ሌላዋ የማስነጠስ ናት፤ የጨርቁ ብናኝ አላስቀምጥ ሲለኝ ከፋርማሲ ገዛኋት። እንቅልፍ ስትሰጠኝ ጊዜ ማታ ማታ አልለይ አልኳት።»

«አፍንጫዎን የምታደርቅ መድኃኒት አፍዎን ትምራለች?»

የስፌት መኪና እየፈቱ የኖሩ ሰው ይህን አለማሰባቸው ገረማቸው። «እንግዲያው ሁለቱንም ዛሬ እጥላቸዋለሁ።»

«የግፊቱን እንዳይነኩ! እሱን ሐኪምዎ ያውቃል። ከረሜላውን ይተዉ፤ ስኳር የሌለው ማስቲካ ያኝኩ፤ ውሃ ቶሎ ቶሎ ፉት ይበሉ።»

«ውሃማ የምሸሸው ሽንት ቤቱ ከሱቄ ስለሚርቅ ነው።»

«እንግዲህ ይራመዳሉ።»

የግፊት ሐኪማቸው የማስነጠሱን ኪኒን አስተዋቸውና በአፍንጫ የሚነፋ ሰጣቸው፤ የግፊቱ ባለበት ቀጠለ። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ እምቢ አላቸው። እየቆየ ግን አፋቸው ረጠብ፣ ምላሳቸውም ፈታ አለ። እንደ ድሮው አይደለም፤ ዳቦውን አሁንም በሻይ ነው የሚያወርዱት። አንድ ጥርስ ተነቀለ፣ ሁለት ተሞላ። ባለቤታቸው የማስቲካው ጯ ጯ አሰለቻቸው፤ «ፍየል ያገባሁ መሰለኝ» ይላሉ።

ጋሽ መቀስ እኩያቸውን ሲያገኙ አሁን የሚጠይቁት የሚውጠውን መድኃኒት ነው። ባለፈው ጡረታ የወጣ ሹፌር ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ወሬ መሐል ውሃ ለመነ፤ ጠጥቶ ሳይጨርስ ደገመ።

«ምን ትውጣለህ?» አሉት።

ሹፌሩ ከኮቱ ኪስ የኪኒን ካርቶኖች እያወጣ የስፌት መኪናው ላይ ደረደረ። «የትኛዋን ልተው?»

«እኔ ምን አውቄ! ሐኪምህን ጠይቅ እንጂ።» ጋሽ መቀስ ሱሪውን አጥፈው አስቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ። «ና፣ አብሬህ ልሂድ። መልሱን እኔም መስማት አለብኝ።»