ልብስ ሰፊው የፈራት ዘፈን

ባንዳችን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ዘንድሮ በየከተማው ለምናቀርበው ትልቅ ኮንሰርት ጃኬት ላሰፋ ብዬ፣ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። ትከሻዬን እየለካ፣ «ጋሼ፣ ያቺን ሁልጊዜ የምትዘጉባትን ዘፈን ትጫወቷታላችሁ?» አለኝ።

«እሷን ሳንጫወት ማን ይለቀናል?» አልኩት።

እጁ ትከሻዬ ላይ ቀረ። «ሦስት ወንድማማቾች ነበርን። ሐዋሳ ስትጫወቷት ታላቄ መድረኩ ፊት ወድቆ ሞተ። ድሬዳዋ ስትጫወቷት ደግሞ ሁለተኛው። የቀረሁት እኔ ነኝ» አለ፣ ድምፁን ከፍ እንኳ ሳያደርግ።

«ታዲያ አንተ አትምጣ» አልኩት።

«እግሬን አላነሣም» አለና እጅጌዬን መለካት ቀጠለ።

የባንዱ ጓደኞቼ ቢስቁብኝም ለምኜ ዘፈኗን ከዝርዝሩ አስወጣኋት።

የአዲስ አበባው ኮንሰርት ዕለት ያለ እሷ ጨርሰን እጅ ነሣን። እፎይ ብዬ ጊታሬን ሳወርድ፣ ከፊት መስመር አንድ ሰው ብቻውን ያቺኑ ዘፈን ጀመረ። ሕዝቡ ተቀበለው፤ ወዲያው ሜዳው ሙሉ ያዜም ጀመር። ጎንበስ ብዬ ማን እንደጀመራት አየሁ።

ልብስ ሰፊው ነው። ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ፣ ፈገግ ብሎ ይዘፍናል።