አጎዛ የለበሰው ማዳመጫ

በዚያ ዘመን እንጀራዬ የሚወጣው ከጆሮዬ ነበር። ደብረ ታቦር አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሌሎች ከጉና ሥርና ከአንበሳሜ ዙሪያ ገበሬውን እያነጋገሩ ቀድተው የሚያመጡትን ድምፅ እየሰማሁ በኮምፒውተር እጽፋለሁ። ሰውየው ስለ ገብሱ ይናገራል፣ ሴትየዋ ስለ ድንቿ ታማርራለች፣ መሀል ላይ በግ ይጮኻል፤ እኔ የበጉን ትቼ የሰውን እጽፋለሁ። ሥራዬን እወደው ነበር። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያወራኝ ቶሎ ይሰለቸኛል፤ በማዳመጫ ሲመጣ ግን ባሰኘኝ ጊዜ ስለማስቆመው ትዕግሥተኛ እሆናለሁ።

ማዳመጫዬ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ትልቅ ሄድፎን ነበር። ስገዛው ዙሪያውን ለስላሳ ትራስ ነበረው፤ ቆዳ የሚመስል፣ ቆዳ ያልሆነ ነገር። እያደር መላላጥ ጀመረ። ጥቁር ቅርፊቱን ጉንጬ ላይ፣ ነጠላዬ ላይ፣ አንድ ቀን ደግሞ ምሳዬ ውስጥ አገኘሁት። የቢሮ ጓደኛዬ፣ "ዛሬም ከሰል ስትሸጪ ዋልሽ?" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ትራሱ አልቆ ፕላስቲኩ ብቻ ሲቀር ግን ሳቁም ቀረ። ጆሮዬን ጨምድዶ ይዞ ስለሚውል በጎኔ መተኛት አቃተኝ። ድምፁም ሳሳ፤ የወፍራም ሽማግሌ ድምፅ ሁሉ ቀጥኖ፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ እያለ ይመጣ ጀመር።

ትራሱን ፍለጋ ሱቁን ሁሉ አዳረስኩ። አንዱ ባለሱቅ፣ "እሱ ብቻውን አይመጣም፣ አዲስ ግዢ" አለኝ፤ የሚያሳየኝ አዲስ ደግሞ ከእኔ አሮጌ የባሰ ነበር። ተናድጄ ወጣሁና አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የበቅሎ ኮርቻ ይሰፋሉ። ሄድፎኑን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

"ይኸ እኮ ኮርቻ ማለት ነው" አሉ። "ሥሩ ካልለሰለሰ ይልጣል። ተይልኝ፣ አጎዛ አለብሰዋለሁ።"

"ድምፁ እንዳይበላሽብኝ ብቻ ጋሼ።"

"አንቺ ለድምፁ አስቢ፣ እኔ ለጆሮሽ አስባለሁ።"

ሄድፎኑን መልሼ ስቀበል ሳቄ መጣ። ከግልገል አጎዛ የተሠሩ ሁለት ድብልብል ትራሶች ተሰፍተውበታል፤ ውስጣቸው በበግ ጠጉር ተሞልቷል፣ ጆሮ የሚያርፍበት ፊታቸውም ጠጉር ለብሷል። የድሮውም ድምፁ የሚወጣበት ወንፊት ላይ ስስ ጨርቅ ስለነበረው ይኸንኛውን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ሳጠልቀው እንዴት ደስ እንዳለኝ። ክረምት ነበር፤ ቢሮው ውስጥ ሁላችንም ጋቢ ደርበን ስንንቀጠቀጥ የእኔ ጆሮ ብቻውን ወንዛዬ ፍል ውሃ የወረደ ይመስል ነበር። ሕመሙም ቁስሉም ጠፋ።

ብዙም ሳይቆይ ግን ቃል ያመልጠኝ ጀመር። ሰዎቹ ከተዘጋ በር ጀርባ ሆነው የሚናገሩ ይመስላሉ። ጉምጉምታው ይመጣል፣ የቃሉ ጫፍ አይመጣም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ አገሳ እንጂ አልጠራም። ያልሰማሁት ቦታ ላይ "አይሰማም" ብዬ እጽፍ ነበር። አለቃዬ ገጹን ተመልክተው፣ "ምነው፣ ዘንድሮ ገበሬው ሁሉ ማንሾካሾክ ጀመረ?" አሉኝ። ቀልዳቸው ነበር። እኔ ግን ወደ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ማዳመጫውን ለመጠርጠር እንኳ አላሰብኩም፤ በአባቴ ምክንያት። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ማኅሌት የሚቆሙ ደብተራ ነበሩ። ፀጉራቸው ሳይሸብት ጆሯቸው ደከመ። ሲጀምራቸው ልክ እንዲህ ነበር፤ ድምፁን ይሰማሉ፣ ቃሉን አይሰሙም። ለጊዜው የሌሎቹን እጅ እያዩ መቋሚያቸውን ያነሡና ያወርዱ ነበር። አንድ የበዓል ሌሊት ግን ሁሉም ጸጥ ባለበት የእሳቸው መቋሚያ ብቻውን መሬት መታ። ከዚያ በኋላ ማኅሌት አልቆሙም። ቤታችንም መጮህ ለመደ። "እንዴት አደሩ" በጩኸት፣ ምርቃቱም በጩኸት፣ ማባበሉም በጩኸት ሆነ። እናቴና አባቴ በቀስታ ሲያወሩ የሰማሁት ሕፃን ሳለሁ ብቻ ነው። እንግዲህ ተራው የእኔ ነው ብዬ ፈራሁ።

ለእናቴ ስነግራት አባቴን አላነሣችም። "ንፋስ ነው የገባሽ" አለችና ቅቤ አቅልጣ፣ ጥጥ ነክራ፣ ሁለቱንም ጆሮዬን ወተፈችልኝ። በእኛ አገር የጆሮ ጠላቱ ንፋስ ነው፣ መድኃኒቱም መወተፍ ነው። ስለዚህ ቢሮ አጎዛ፣ ቤት ጥጥ ሆነ። ቤትም ውስጥ "ምን አልሽ? ምን አልሽ?" ማለት ጀመርኩ። ጆሮዋን የወተፈች ሴት ባትሰማ ምን ይገርማል ብሎ ማሰብ ለፈራ ሰው አይሆንለትም።

አንድ ቅዳሜ ፀጉሬን ልታጠብ ጥጡን አወጣሁት። ታጥቤ ስጨርስ ከጓሮ፣ ከመስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። አጎቴ ሊጠይቁን መጥተው ከእናቴ ጋር ውስጥ ነበሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል።

"እንደ አባቷ ልትሆን ነው ወንድሜ" አለች እናቴ። "ትናንት ደጋግሜ ብጠራት ዞር እንኳ አላለችም።"

አጎቴ በረዥሙ ተነፈሱ። "እኔስ ይኸንኑ ፈርቼ አይደል? ንፋስ እንዳይገባት ብዬ ያን የማዳመጫውን ወንፊት በድርብ አጎዛ ደፍኜላት ነበር። ላዩ ጠጉር፣ ሥሩ ቆዳ። እንኳን ንፋስ፣ ሽታ አያልፍበትም።"

መጀመሪያ የገባኝ ወንፊቱ መደፈኑ አልነበረም። የገባኝ የአጎቴን ትንፋሽ መስማቴ ነው። በሹክሹክታ የተወራውን፣ ውጭ ተቀምጬ፣ አንድም ሳይቀር ሰማሁት። ከዚያ ነው የተናገሩት ነገር የደረሰልኝ። ሳቅሁም፣ ተናደድኩም፤ እርጥብ ፀጉሬን እንደዘረገፍኩ ገብቼ ሄድፎኑን ከቦርሳዬ አወጣሁና መቀስ አነሣሁ።

"ኧረ ብርድ ይገባሻል!" አሉ አጎቴ።

"ይግባ ጋሼ።"

በጠጉሩ ሥር የነበረው ቆዳ ጫማ ይወጣዋል። ዙሪያውን ትራሱን ትቼ መሀሉን ቆርጬ አወጣሁትና፣ ስልኬ ላይ ከነበሩት ቅጂዎች አንዱን ከፈትኩ። የጉና ሴት ነበረች። ዝናብ ጣራዋን ሲመታ ሰማሁ፤ ጭራሮ እሳት ውስጥ ሲንጣጣ፣ ሴትየዋ መልስ ከመስጠቷ በፊት ምራቋን ስትውጥ ሰማሁ። ልክ አዲስ ሳለ እንደነበረው አልነበረም፤ አጎዛው ድምፁን ጥቂት ያወፍረዋል፣ ትንሽም ያርቀዋል። ቃሉ ግን ሁሉም አለ፣ ጫፉም አለ። ጆሮዬንም አያመኝም። ከላዬ ላይ ሸክም የወረደልኝ ያህል እፎይ አልኩ፤ እንባዬም ዝም ብሎ ወረደ።

እናቴ እንባዬን አይታ ደነገጠች። ጎንበስ ብላ፣ አፏን ጆሮዬ ላይ ደቅና፣ በአባቴ ጆሮ ላይ ትጮህ እንደነበረው ጮኸችብኝ። "ምን ሆንሽ ልጄ?"

ሄድፎኑን አወለቅሁ። "እማዬ፣ አትጩሂ። እሰማለሁ።"

አላመነችኝም። ወደ በሩ ራቅ ብላ ቆመች፤ አፏን በነጠላዋ ሸፈነችና ቀስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች።

"ምን አልኩ?" አለችኝ።

"'ለአባትሽም እንዲህ በሆነላቸው' አልሽ" አልኳት።