«ኢንሄል» ያስተማሩን ሰው

ጋሽ ወልደገብርኤል እዚሁ ወሰን ሰፈር ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። እኔም ተማሪያቸው ነበርኩ፤ ዛሬ ጎረቤታቸው ነኝ። የአንድን ግስ ሥር ቆፍረው ሳያወጡ አይለቁም ነበር። «ኢንሄል»ን ያስተማሩን ከእንጦጦ ብርድ በሚወርድበት ጠዋት ሜዳ ላይ አሰልፈው ነው።

«አየር ሳቡ። ኢንሄል ይሄ ነው። አየር ይሳባል፤ ጭስም መድኃኒትም ይሳባል። ፈረንጅ ምሳውንም ኢንሄል አደረግሁት ይላል፣ እንደዚህ ልጅ እንደ ኦልያድ ሳያላምጥ ሲውጥ።» ሳቅን። «ሥሩ ላቲን ነው። ጥንት ግን መሳብ ማለት አልነበረም፤ ሌላው ላይ መተንፈስ ነበር። እግዜር አዳም ላይ እፍ እንዳለው።»

ባለቤታቸው እትዬ ሠናይት አስም ነበረባቸው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ሐምሌ አንድ ጠዋት በረንዳቸው ላይ ወደቁ። ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ሰው ሲወድቅ ግን የእኛ ሰፈር እጅ የሚያውቀው ክብሪት ብቻ ነው። አንዷ «ክብሪት አምጡ» አለች፤ ከኪሴ አውጥቼ ሦስት እንጨት ባንዴ ጫርኩና ጭሱን አፍንጫቸው ሥር አስጠጋሁ። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ። የሚሳበው መድኃኒታቸው እኮ እዚያው መኝታ ቤት ኮሞዲኖው ላይ ነበር።

እትዬ ሠናይት ፊታቸውን አዞሩ። ጋሼ ተንበርክከው የባለቤታቸውን እጅ ይዘዋል። ያ ሁሉ እውቀት በድንጋጤ ጠፍቶባቸው፣ «ሳቢ፣ ሠናይት፣ ሳቢ» ይላሉ። እትዬም ፊታቸውን ወደ ጭሱ መልሰው ሳቡ። አንዴ አሳላቸው፤ ከዚያ ደረታቸው ተዘጋ።

መኪና ተገኘ፤ መገናኛ ላይ ግን መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ጋሼ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ እትዬ አፍ ላይ እፍ ይሉ ነበር። እትዬ አልተረፉም።

ለቅሶ ላይ ስለ ክብሪቱ የተናገረ የለም። «ቀናቸው ደርሶ ነው» ተባለ። «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ተባለ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። በአርባው ማግስት ጋሼ ቤት ገብቼ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ክብሪቱን የጫርኩት እኔ ነኝ።»

ወደ መኝታ ቤቱ በር ተመለከቱ። ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ መድኃኒቱ አሁንም ኮሞዲኖው ላይ አለ።

«ታዴዎስ፣ አንተ ስትጭር ፊቷን አዙራ ነበር። አይተሃል» አሉኝ። «የመለሰችው እኔ ሳቢ ስላት ነው። ከተጋባን ጀምሮ ቃሌን ጥላ አታውቅም።»